የሥላሴን በግ ይዘን ደቅ የሄድን ጊዜ

ብርቱካኔ፣ ከቀደምሁሽ አስቁሚኝ፤ ቀስ ብዬ ነው የምነግርሽ። መሸንቲ ቁጭ ብሎ "ጣና እንዴት ያለ ነው?" የሚል ሰው ሞልቷል። ሁሉም ይሄድ ዘንድ አይቻልም፤ እርሻ አለ፣ ከብት አለ፣ ጉልበት የለም። እኔ ሄጃለሁ። አንድ ጊዜ ነው የሄድሁት፤ የሄድሁት ግን በደንብ ነው። ስለዚህ ላልሄደው ይሁን ብዬ ነው የማስጽፍሽ።

ጊዜው የጣሊያን ጊዜ ነው። እኔ አያትሽን ዓለሙን አግብቼ አማቴ ቤት የገባሁት ገና በቅርቡ ነበር። አያትሽ ተስቦ ታመመና ሰው ተስፋ ቆረጠ፤ ለቅሶ የሚደርሱት ጋቢያቸውን አጣፍተው ደጅ ቆመው ነበር። ያን ጊዜ አማቴ እሜቴ ጠጅቱ ወደ ላይ አንጋጠው "ሥላሴ፣ ልጄን ብትተዉልኝ ደቅ ድረስ መጥቼ ከደጃችሁ በግ አስገባለሁ" አሉ።

ለምን ደቅ እንዳሉ እሳቸውም አያውቁም። ደቅ ጣና መካከል ያለ ደሴት ነው። እሜቴ ከወንዝ በቀር ውኃ አይተው አያውቁ፤ ወንዙንም የሚሻገሩት በበጋ፣ ድንጋይ ድንጋዩን ረግጠው ነው። ሲጨንቃቸው አፋቸው ላይ የመጣው እሱ ሆነ። የተሳሉት ስለት ደግሞ አይለወጥም። ዓለሙ ተነሣ፣ እህል ቀመሰ፣ ቆመ። እሜቴም ከደስታው ይልቅ ፍርሃቱ ባሰባቸው። "ሥላሴ ሰጥተዋል፤ እኔ ካላደረስሁ መልሰው ይወስዱታል" እያሉ ሲነሡም ሲቀመጡም ያው ነው። እኔም ፈራሁ። ባሌን ገና ጠግቤ አላየሁትም።

እንግዲህ በግ ተመረጠ። ግልገል ነበር፣ ቡላ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። "እስኪያድግ ይቆይ" ተባለ። ጣጣው ከዚህ ይጀምራል። የስለት በግ አይመታም፣ አይታሰርም፣ አይሰደብም፤ የሥላሴ ነዋ። በጉም ይኸን አወቀ። አያ ካሴ የሚባል ጎረቤት ነበረን፤ የሱን ባቄላ አበባው ላይ እያለ ጨረሰው። አያ ካሴ ዱላውን አንሥቶ መጣና "የማን በግ ነው?" ቢል "የሥላሴ" አልነው። ዱላውን መልሶ ተመረኮዘበት። "ይብላ እንግዲህ" አለ፤ ሲለው ግን ጥርሱን ነክሶ ነው። በጉ የሰው ቤት ይገባል፣ ከቁና ላይ እህል ይበላል፣ ሰው ሲያይ ዞር አይልም። መንደሩ "ባላባቱ" አለው። ባላባቱ መጣ ሲባል ሴቱ ሁሉ እቃውን ይሰበስባል።

ጥር ሥላሴ ሲደርስ "እንሄዳለን" ብለን ብናወራ መንደሩ እንዴት እንደ ረዳን ልነግርሽ አልችልም። በሶ የሚፈጭልን፣ ዳቦ ቆሎ የሚቆላልን፣ ስልቻ የሚያውሰን፤ ለሰርጌ እንኳ እንዲያ አልተሠራልኝም። "ቶሎ ሂዱ፣ በዓሉ እንዳያልፋችሁ" ይላሉ። ለበዓሉ አስበው መስሎሽ ነው?

ዓለሙ አብሮን አይሄድም። ያን ጊዜ ባሕር ዳር ብቅ ያለውን ጎልማሳ ሁሉ ጣሊያን ለመንገድ ሥራ ይወስደዋል፤ ስለዚህ ከመንደር አይወጣም። የምንሄደው እሜቴና እኔ ነን። መካሪው በዛ። ጣናን ያየ አንድ የለም፤ የማይመክር ግን አልነበረም። አንዱ "ውኃ ላይ ስትሆኑ ወደ ታች አትዩ" ይላል። ሌላው "ጉማሬ ቢመጣ ስሙን አትጥሩ" ይላል። አያ ካሴ ከሁሉ ባሰ፤ የከብት ማጠጫ ገንዳውን እየጎተተ እደጃችን አመጣ።

"ታንኳ ማለት ይኸ ነው" አለ። "እሜቴ፣ ይግቡና ይልመዱ።"

"ውኃ የለውም እኮ" አሉ እሜቴ።

"ውኃው ከውጭ ነው የሚሆን። ይግቡ።"

ገቡ። ጉልበታቸውን አቅፈው፣ ነጠላቸውን አሸርጠው እንደ ንግሥት ተቀመጡ። አያ ካሴ ገንዳውን ከጫፉ ይዞ ግራና ቀኝ ያናውጠው ጀመር። "ይኸ ትንሹ ማዕበል ነው። ይኸ ደግሞ ትልቁ" ሲል ገንዳው ተገለበጠና እሜቴ ገለባ ላይ ወደቁ። ተነሡና "ድገመው" አሉ። እንዲህ እያሉ ሳምንቱን ሙሉ ለመዱ። ሰው ከገበያ ሲመለስ ቆሞ ያያል። በመጨረሻው ገንዳው ቢናወጥ ቢናወጥ እሜቴ ንቅንቅ የማይሉ ሆኑ። ባላባቱም አንድ ቀን ዘሎ አብሯቸው ገባና ከገንዳው ለማስወጣት እስኪመሽ ለመንነው።

ስንቁን ስንሸክፍ እሜቴ ትልቅ ቅል ሙሉ የምንጭ ውኃ አምጥተው አስቀመጡ።

"እሜቴ፣ የምንሄደው እኮ ውኃ ላይ ነው" አልሁ።

"አንች ልጅ፣ ጉማሬ የዋኘበትን ልጠጣ ነው?"

ያን ቅል ባሕር ዳር ድረስ ያዘልሁት እኔ ነኝ።

የወጣን ቀን ገና ወፍ ሳይንጫጫ አያ ካሴ አህያውን ጭኖ መጣ። ባሕር ዳር ድረስ ሊሸኘን ነው። እንዲህ ያለ ደግ ሰው ሆኖ አያውቅም ነበር፤ በጉ መሄዱን በዓይኑ ሊያይ ነው። ዓለሙ የእናቱን ጉልበት ስሞ እኔን "እሷን አደራ" አለኝ። እሳቸውን ደግሞ "እሷን አደራ" አላቸው። ሁለታችንም "እሺ" አልን፤ መንገድ ላይ ማን ማንን እንደሚጠብቅ ሳንስማማ ደረስን።

መንገዱ ጣሊያን ጠጠር ያፈሰሰበት ነው። የኛ አገር መንገድ እግርሽን ያውቀዋል፤ ይኸኛው ይዋጋል። እኛ ዳር ዳሩን ስንሄድ ባላባቱ መካከሉን ይዞ ይንቀባረራል። ረፋዱ ላይ ካሚዮን ከኋላችን መጥቶ ጮኸ። አያ ካሴ አህያውን ይዞ ጫካ ገባ። በጉ ቆሞ ዞር ብሎ አየና መንገዱን ቀጠለ። ካሚዮኑ እንደ ሬሳ አጃቢ ከኋላው ቀስ እያለ ተከተለ። ቢጮህ ቢጮህ አልሰማ አለ። በኋላ ቀይ ቆብ ያደረገ አስተርጓሚ ዘሎ ወረደ።

"አንች አሮጊት፣ በግሽን ከመንገድ አንሺ" አለ።

"አልመታውም" አሉ እሜቴ።

"ለምን?"

"የኔ አይደለም።"

"የማን ነው?"

"የሥላሴ ነው።"

አስተርጓሚው ያገሬው ሰው ነውና ገባው፤ ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። ለጣሊያኑ ምን ብሎ ይንገረው? አንድ ነገር አለው። ጣሊያኑ፣ ቀይ ፊት፣ ወፍራም፣ ወረደና ባርኔጣውን እያውለበለበ "ሽ፣ ሽ" አለ። ባላባቱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። እኔ ወደ ኋላ ሲሄድ ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጥ ጣሊያኑ ጠጠሩ ላይ ቁጭ ብሏል።

ካሚዮኑ ላይ ያሉት ጠመንጃ ይዘዋል። እሜቴ "እኔ አላዘዝሁትም" አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነው። ጣሊያኑ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገና መሳቅ ጀመረ። እሱ ሲስቅ የቀሩትም ሳቁ። ከከረጢቱ ዳቦ አውጥቶ ሲያሳየው ባላባቱ እንደ ውሻ ተከትሎት ከመንገድ ወጣ፤ ካሚዮኑም አለፈ። ጣሊያን ሁሉ እንዲህ ነበር ማለቴ አይደለም። በዚያው መንገድ ሰው ሲገረፍ ያዩ አሉ። እኛን የገጠመን ግን እሱ ነው፤ የገጠመኝን ነው የምናገር።

እሜቴን የከነከናቸው ሌላ ነው። "የጠላት ዳቦ በልቷል፤ ስለቱ ረክሶ ይሆን?" እያሉ ጠበል ከብልቃጥ አውጥተው አፉ ላይ ረጩት። ባላባቱ ጠበሉን ላሰ።

ባሕር ዳር ያን ጊዜ አሁን የምታይው አይደለም። ጊዮርጊስ አለ፣ ጥቂት ጎጆ አለ፣ የጣሊያን ድንኳንና ቆርቆሮ አለ፤ በቃ። ጣናን ያየነው ዛፎቹን አልፈን ስንወጣ ነው። እሜቴ ቀጥ ብለው ቆሙ።

"ይኸ ሁሉ ሜዳ የማን ርስት ነው?" አሉ።

"ውኃ ነው እሜቴ።"

"ውኃ መሆኑን አይቻለሁ። ድንጋይ የለው፣ ቁልቁለት የለው። ጤፍ ቢዘራበት እንዴት ባማረ። ያሳዝናል።"

አያ ካሴ ባለታንኳ አግኝቶ አገናኘንና አህያውን ይዞ ተመለሰ። ሲሄድ ለበጉ እጅ ነሣ፣ ወላሂ ስልሽ። ይኸው፣ ወላሂ ማለት የተማርሁት ከባለታንኳው ነው። እንድሪስ ይባላል፤ ጣና ዳር ተወልዶ ታንኳ ሲሠራ ዓሣ ሲያጠምድ ያደገ እስላም ነው። ሚስቱ ፋጡማ ትባላለች። "ነገ ነው የምንነሣ፤ እስከዚያ ከኛ ቤት እደሩ" አሉን።

እሜቴ ከእስላም ቤት አድረው አያውቁም። ራት ሲደርስ ስልቻቸውን አቅፈው "ስንቅ አለን" አሉ። ፋጡማም ነገሩ ገብቷት ከቆጥ ላይ አንድ ድስት አወረደች።

"እናቴ፣ ይኸ ድስት ለክርስቲያን እንግዳ የተለየ ነው። የኛ ሥጋ ገብቶበት አያውቅም። ዛሬ ደግሞ ዓሣ ነው።"

"ዓሣውን ማን ባረከው?" አሉ እሜቴ።

"ዓሣ አይታረድ። ከውኃ ሲወጣ ራሱ ይሞታል" አለ እንድሪስ።

እሜቴ አሰቡ። "እንግዲያስ የማንም አይደለም" አሉና እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ተይው፤ አጥንቱን እንኳ ለቅመው መጠጡት። የኛ አገር የወንዝ ዓሣ ጭቃ ጭቃ ይላል፤ ይኸኛው እንደ ቅቤ ነው። ፋጡማ የራሷን መደብ ለቃ ለእሜቴ አነጠፈችላቸውና እሷ ከኔ ጋር ምድር ላይ ተኛች።

ሲነጋ እንድሪስ ከደጅ ሆኖ "እሜቴ፣ ይውጡ እስቲ" አለ። ወጣን። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገል ውኃ ዳር የሚበቅል ረጅም ሣር ነው፣ ታስሮ ታስሮ ነው ታንኳ የሚሆን። ውኃ ስለሚጠጣ ከመንገድ ሲመለስ ግድግዳ ላይ ያቆሙታል፣ ፀሐይ እንዲያደርቀው። እንድሪስም አቁሞት ነበር። ባላባቱ የታንኳውን አፍንጫ ሙሉ በልቶት ቆሟል፤ አሁንም እያመነዠከ ነው።

"በግዎ ታንኳዬን ቁርስ አደረገው" አለ እንድሪስ።

"የሥላሴ ነው" አሉ እሜቴ።

"እሱስ ይሁን። የምንሻገረው ግን በኔ ደንገል ነው።"

እሜቴ ያን ጊዜ አፈሩ። በጉን ወክለው ሲያፍሩ ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ያ ቀን በጥገና ሄደ። እንድሪስ አዲስ ደንገል አጭዶ መጣ፤ ፋጡማና እኔ እየነጠልን እናቀብላለን፣ እሱ በልጥ ያስራል። እኔ ነዶ ማሰር አውቃለሁ ብዬ አንዱን አስሬ ብሰጠው አየት አደረገና "ይኸ አውድማ ይደርሳል፤ ደቅ አይደርስም" አለ። ፋጡማ በሳቅ ፍርስ አለች። እንድሪስ ሲጨርስ ደግሞ ሁለት ትርፍ እስር ሠርቶ ታንኳው ላይ አስቀመጠ። "ለምንድን ነው?" ብዬ ብጠይቀው "በጉን አላምነውም" አለኝ።

በማግሥቱ ተሳፈርን። እሜቴ ገና ሲቀመጡ ተነሡ።

"እንድሪስ፣ ያፈሳል ይኸ ነገር።"

"ታንኳ እንዲህ ነው እሜቴ። ደንገሉ ውስጥ ውኃ ይገባል።"

"ገንዳው ደረቅ ነበር" አሉ።

እንድሪስ የምን ገንዳ ብሎ አልጠየቀ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ታንኳ ላይ ከወገብሽ በላይ ሰው ነሽ፤ ከወገብሽ በታች ጣና ነሽ። በጉ መካከል ላይ ቆሟል። እንድሪስ "እግሩን አስረን እናስተኛው" ቢል እሜቴ "የሥላሴን በግ እንደ ሌባ?" ብለው ከለከሉ። ንፋስ በመጣ ቁጥር እሜቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጉማሬ ጆሮውን ብቅ አድርጎ ሲያየን እኔም ጸሎት ጀመርሁ፤ ምክሩ ትዝ ብሎኝ ስሙን አልጠራሁም። እንድሪስ ግን "ጉማሬ ነው፣ አይዟችሁ" ብሎ ጮክ ብሎ ጠራው። ምንም አልመጣ። ውኃ ሲጠማን ቅሉን ብናነሣ ባላባቱ ቡሹን ነቅሎ አፍስሶታል። እሜቴ እንድሪስ ከጣና በመዳፉ ሲጠጣ ብዙ አዩት፤ ከዚያ እሳቸውም ዘገኑ። "ትንሽ ዓሣ ዓሣ ትላለች፣ ግን ደኅና ውኃ ናት" አሉ።

ያን ቀን ዘጌ ዳር አደርን። ቤቷን የከፈተችልን አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሁለታችን እስከ ወገባችን ረጥበን ደጇ ላይ ብንቆም ምንም ሳትጠይቅ ሁለት ደረቅ ቀሚስ አመጣች። እሷ ቀጭን ናት፣ እሜቴ ደልደል ያሉ ናቸው፤ ቀሚሱ ከጎን ተተረተረ። ሴትዮዋ "ድሮም ሊቀደድ ነበር" አለች። አልነበረም፤ አዲስ ነበር። በኛ አገር ይኸን ያህል ጨዋ ሰው ብዙ አላየሁም።

በማግሥቱ የዋዜማው ቀን ነው። ፀሐይ ሞቅ ሲል እንድሪስ በመቅዘፊያው ጠቆመን። "ያ ረጅሙ ደቅ ነው። ይኸ አጠገቡ ያለው ኮረብታ ደግሞ ሌላ ገዳም ነው፤ ሴት አይገባበትም።" የዚያን ገዳም ስም አልጠራውም፤ ቅር ይላቸው ይሆናል። ኮረብታው ከላይ እስከ ታች ለምለም ነው። ባላባቱ ታንኳ ላይ ሲቆም ሁለተኛ ቀኑ ነው። አየው። አፍንጫውን አነፈነፈ። ከዚያ ዘለለ።

ታንኳው ወዲያ አለ፣ ወዲህ አለ። እኔ ጮህሁ። እሜቴ ጉልበታቸውን አቅፈው ንቅንቅ አላሉም። እንድሪስ ሚዛኑን መልሶ ሲያበቃ "እሜቴ፣ ይኸን የት ለመዱት?" አላቸው። "መሸንቲ" አሉ።

በጉ ግን ዋኝቶ ገዳሙ ምድር ወጣ፤ ራሱን አራግፎ ቅጠል መብላት ጀመረ። ቀርበን ውኃው ላይ ቆምን። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ከዛፎቹ መካከል ወጡ፤ እኛን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ወርካ አዞሩ። ያ ሁሉ ነገር ሲነገር ከወርካው ጋር የሚነጋገሩ ነበር የሚመስሉት።

"ሴት ከዚህ አትወርድም" አሉ ለወርካው።

"አልወርድም አባቴ። በጌን ይስጡኝ" አሉ እሜቴ።

"በጉ ወንድ ነው ሴት?"

"ወንድ ነው።"

"ወንድ ከሆነ አይከለከልም፤ ይቀመጥ።"

"የደቅ ሥላሴ ስለት ነው እኮ አባቴ።"

"እኛ አልጠራነውም። በራሱ እግር ነው የመጣ።"

"በዋና ነው እንጂ በእግሩ አይደለም" አሉ እሜቴ።

መነኩሴው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ እየሳቁ እንደሆነ ከኋላ አስታወቀባቸው። "መልካም፤ የሚይዘው ይውረድና ይያዘው" አሉ።

እንድሪስ "አባ፣ እኔ እስላም ነኝ። ልውረድ?" አለ።

"ወንድ ነህ?"

"ነኝ።"

"ውረድ።"

እሜቴ ወደኔ ዞሩ። "አየሽ አንች ልጅ፣ እስላሙ ገባ፣ በጉ ገባ፣ እኔ ክርስቲያኗ ውኃ ላይ ቀረሁ።"

እንድሪስ አባረረው። እሜቴ ከታንኳው "እንዳትመታው" ይላሉ። በጉ ዛፍ ይዞራል፣ እንድሪስ ይዞራል። እንድሪስ ጎንበስ ብሎ ሲያስፈራራው በጉ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ እኔ "ሽሽ" ለማለት ጊዜ አልነበረኝም። ሁለት ጊዜ ጣለው። በሁለተኛው መነኩሴው ወርካውን ተደግፈው ይስቁ ነበር። እንድሪስ ቆሽሾ ተመለሰና ታንኳውን በእጁ ጫን አደረገው፤ ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ ጠጥቶ ዝቅ ብሏል።

"እሜቴ፣ አሁን ካልሄድን ታንኳው አይሸከመንም" አለ።

እሜቴ አለቀሱ። ከመሸንቲ ስንወጣ፣ ጠመንጃ ከያዙት ፊት ስንቆም ያላለቀሱ ሴትዮ አለቀሱ። "ዓለሙን ይወስዱብኛል" አሉ። የሣቅሁበት ሁሉ አፌ ውስጥ መረረኝ።

መነኩሴውም ሰሙ መሰለኝ ድምፃቸው ለዘበ። "እናቴ፣ የኛ ቅዱስም የሥላሴ አገልጋይ ነው። እዚህ ቢቀር እዚያ እንደ ደረሰ ነው።"

"አባቴ፣ አፌ 'ከደጃችሁ' ብሏል" አሉ እሜቴ። "የአሽከር ደጅ የጌታ ደጅ አይሆንም።" ከዚያ ፊታቸውን ጠርገው "ቅዘፍ እንድሪስ፤ ነገ ሄጄ ለሥላሴ እውነቱን እነግራቸዋለሁ" አሉ።

እንድሪስ ቀዘፈ። ትንሽ ራቅ እንዳልን ከኋላ ጩኸት ሰማን። ባላባቱ ውኃው ዳር ቆሞ ይጮሃል። ከተወለደ ጀምሮ ትቶት የሄደ ሰው የለም፤ ሰው ሁሉ ሲከተለው፣ ሲለምነው፣ ሲጠብቀው ነው የኖረ። ቆሞ ጮኸ፣ አየን፣ ዳግመኛ ጮኸ። ከዚያ ጥልቅ ብሎ ውኃ ገባ።

እሜቴ "አትዩት፣ እንዳይመለስ" አሉ። እኔ በነጠላዬ ሥር አየሁት። ሲደርስብን ደክሞታል፤ አፍንጫው ብቻ ነው የቀረ። ታንኳው ላይ ልናወጣው አንችልም፣ እንሰጥማለን። እንድሪስ ሁለቱን ትርፍ የደንገል እስር አነሣ፤ አንዱን ከግራ ጎኑ፣ አንዱን ከቀኝ ጎኑ አድርጎ በልጥ ሸብ አደረገው። በጉ ራሱ ታንኳ ሆነ። እሜቴ መታሰሩን አይተው ምንም አላሉም። እየጎተትነው ደቅ ደረስን።

ወደቡ ላይ ለበዓሉ የመጣ ሰው ሞልቷል። በሁለት እስር ደንገል መካከል አንገቱን ቀና አድርጎ የሚመጣ በግ ሲያዩ እልል አሉ። "ሥላሴ ያመጡት ነው" አለ አንድ ሽማግሌ። ሰው ሊሳለመው ተጋፋ። እሜቴ ከታንኳው እየወረዱ፣ ቀሚሳቸው ከጎን እንደተተረተረ፣ ሰዉን ገፉት።

"የኔ በግ ነው" አሉ።

"እናቴ፣ በጉ በውኃ ላይ ነው የመጣ" አለ ሽማግሌው።

"አውቃለሁ። መንገድ ላይ ተጣልተን ነው።"

ባላባቱም ምድር እንደ ረገጠ ዞሮ የግራ ጎኑን ታንኳ መብላት ጀመረ። ያን ጊዜ ሰዉ የሥላሴ ተአምር አለመሆኑን አመነ።

በማግሥቱ በዓሉ ሆነ። ታቦቱ ወጥቶ ገባ፣ ደብተራው ዘመረ፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ አላየሁትም ማለት ይቀላል፣ ዓይኔ በጉ ላይ ነበር። ስለት የሚያስገባው ከደጀ ሰላሙ ተሰልፏል። ተራችን ሲደርስ ቄሱ በጉን ከእሜቴ እጅ ተቀብለው መስቀላቸውን አነሡ።

"ስለቱ ስለ ማን ነው?"

"ስለ ልጄ ስለ ዓለሙ።"

"ክርስትና ስሙ?"

እሜቴ አፋቸውን ከፈቱ። "ወልደ..." አሉ። ቆሙ። "ኃይለ... አይደለም፣ ገብረ..." ወደኔ ዞሩ። እኔ ከየት ልወቀው? ባሏን በክርስትና ስሙ የምትጠራ ሚስት አይተሽ ታውቂያለሽ? "ዓለሙ በሉት አባቴ፣ ዓለሙ ሲሉ ያውቁታል" አሉ እሜቴ።

"ዓለሙማ የዓለም ስሙ ነው እናቴ። ጸሎቱ በክርስትና ስሙ ነው። ክርስትና አባቱ የለም?"

"ሞቷል" አሉ እሜቴ። ከኋላችን ያለው ሰው መግፋት ጀምሯል። ያን ሁሉ መንገድ መጥተው፣ ያን ሁሉ ውኃ ተሻግረው፣ ስለቱ ያለ ስም ሊገባ ነው።

"ወልደ ጊዮርጊስ ነው" አለ አንድ ድምፅ።

ሁሉም ዞረ። እንድሪስ ከቅጥሩ ውጭ፣ ጥምጥሙን እንዳደረገ፣ መቅዘፊያውን ይዞ ቆሟል።

"አንተ ማነህ?" አሉት ቄሱ።

"ባለታንኳው ነኝ።"

"ከየት አወቅህ?"

"ከባሕር ዳር እስከዚህ ንፋስ በመጣ ቁጥር 'ወልደ ጊዮርጊስን አደራ፣ ወልደ ጊዮርጊስን አደራ' ሲሉ ነው የመጡት። ልርሳው ብልም አይረሳኝ።"

እሜቴ "እሱ ነው" አሉ፤ "እሱ ነው፣ ልጄ ነው" ብለው ምድር ሳሙ። ቄሱ እንድሪስን አዩት፣ በጉን አዩት፣ ከዚያ መስቀሉን ቀና አድርገው "ወልደ ጊዮርጊስን" ብለው ጸሎቱን አደረሱ። በጉንም ተቀብለው "እስከ ፋሲካ ከኛ ይቆይ" አሉ። እስከ ፋሲካ ምን እንዳደረጋቸው እነሱ ያውቃሉ።

ጸበል ጻዲቁ ሲታደል እሜቴ የደረሳቸውን ቁራሽ አልበሉትም። ይዘው ወጡና ለእንድሪስ ሰጡት። "ዳቦ ነው፤ ዳቦ አይታረድ" አሉት። "ቢስሚላህ" ብሎ በላ።

ሲመለሱ ስላለው መንገድ ምን እላለሁ? ታንኳው ቀለለ፣ እሜቴ አንቀላፉ። ዓለሙ ከመንደሩ ዳር ወጥቶ ሲጠብቀን ቆሞ አገኘነው፤ አባትሽንም እነ አክስትሽንም ከዚያ በኋላ ነው የወለድናቸው። እሜቴ እስኪሞቱ ድረስ ሰው "የዓለሙ ክርስትና አባት ማን ነው?" ያላቸው እንደሆነ ሳያስቡ የሚመልሱት አንድ ነው፦

"የመጀመሪያው ሞቷል። ሁለተኛው ባሕር ዳር ታንኳ ይሠራል።"